ደም ያቀጥናል ስለሚባለው መድኃኒት የሚቀርቡልን ጥያቄዎች

በዚህ መጽሔት የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሃ፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የደረሰን ደብዳቤ ግን ከተለመደው መንገዳችን ጥቂት እንድንወጣ አስገደደን። መምህሩ እንደ ጻፉልን ከተማሪዎቻቸው አንዱ፥ ዕድሜው 13 ዓመት የሆነ ልጅ፥ በልቡ ላይ ሰው ሠራሽ በር የተገጠመለት ስለሆነ በየምሽቱ «ደም የሚያቀጥን» ክኒን ይወስዳል። እናቱ ልጃቸውን ማንም እንዳይነካው፥ ሜዳም እንዳይወጣ አደራ ብለዋል። ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ ይመለከታል። «ይህን ልጅ እንዴት አድርጌ ልያዘው? ቢወድቅብኝስ ደሙ ሁሉ ፈስሶ ያልቃልን?» ሲሉ መምህሩ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ይህን መድኃኒት ከሚወስዱ ሕመምተኞችና ከዘመዶቻቸው በየሳምንቱ የምንሰማው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የመድኃኒቱን ጠባይ እንገልጻለን፤ ወደ ልጁ በኋላ እንመለሳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሙን ነገር እንመልከት። «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ የተገለበጠ ሲሆን ብዙ ጉዳት ያስከተለ ስም ነው። በእኛ አነጋገር መቅጠን የመክሳትና የመድከም ምልክት ስለሆነ፥ ሕመምተኛው ይህን ስም በሰማ ጊዜ ደሙ እንደ ውሃ የሚሆንበት፥ ኃይሉም የሚያልቅበት ይመስለዋል። ስለዚህ አንዱ ክኒኑን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ ይወስዳል፤ ሌላው ያለቀውን ደም እተካለሁ ሲል ቀይ ሥርና ጉበት ያበዛል፤ ሦስተኛው ጥቂት የተሻለው በመሰለው ዕለት ጨርሶ ይተወዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱ ደምን አያቀጥንም፤ ብዛቱንም አይቀንስም። ወተት ሲቆይ ረግቶ እርጎ እንደሚሆን፥ ደምም ከመንገዱ ሲወጣ ወይም በአንድ ስፍራ ሲቆም ይረጋል። መድኃኒቱ የሚያደርገው ይህን መርጋት ማዘግየት ብቻ ነው። ስም የማውጣት ሥልጣን ቢሰጠን ኖሮ «የደም መርጋት ማዘግያ» ባልነው ነበር።

መርጋትስ መልካም ነገር አይደለምን? ነው እንጂ፤ ቢላዋ ጣታችንን ሲቆርጠን ደሙ ቶሎ ባይረጋ ኖሮ በትንሽ ቁስል እንሞት ነበር። ችግሩ ሊረጋ በማይገባው ስፍራ ሲረጋ ነው። በአገራችን ይህን መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ሕመሙ የሚነሣው በልጅነት፥ ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ በጊዜው ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም ነው። ከዓመታት በኋላ በልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር ይጠባል ወይም በደንብ መዘጋት ይሳነዋል፤ የልብ ምትም ሥርዓቱን ያጣል። በዚያን ጊዜ በልብ የላይኛው ክፍል ደም እንደ ኩሬ ውሃ ይቆማል፤ የቆመውም ይረጋል። ከረጋው ላይ ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎል ቢሄድ፥ ጠዋት በእግሩ የወጣ ሰው እኩለ ቀን ሳይደርስ ግማሽ አካሉ ዝሎ፥ አንደበቱም ተሳስሮ ይገኛል። ስትሮክ የምንለው ይህን ነው። ከብረት በተሠራ የልብ በር ላይም ደም መርጋት ይወዳል። በእግር ደም ሥር የረጋም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ክኒኑ የሚታዘዘው ይህ ሁሉ እንዳይደርስ ነው፤ ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው የሚጠብቀው ዘበኛ ስለሆነም ጥቅሙ በዓይን አይታይም።

አሁን ደግሞ ተማሩ የሚባሉት ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁንን እንመልስ። «ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው የሚባለው እውነት ነውን?» ይሉናል፤ ከስልካቸው ላይ አንብበው ነው የሚመጡት። እውነት ነው፤ ታሪኩም ሊታወቅ የሚገባው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ፥ በዳኮታና በካናዳ ሜዳዎች፥ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሞች መርምረው ምክንያቱ ማገጥን የሚመስል መኖ ርሶ መሻገቱ መሆኑን ደረሱበት። በ1933 ዓ.ም. ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና አልረጋ ያለ ደም የሞላበት የወተት ዕቃ በመኪናው ጭኖ፥ በበረዶ ዐውሎ ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ማዲሰን ከተማ መጣ። ያገኘው የዩኒቨርሲቲውን የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል ሊንክን ነበር። ሊንክና ረዳቶቹ ከ6 ዓመት ድካም በኋላ በ1939 ዓ.ም. ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን ንጥረ ነገር ከሻገተው መኖ ለይተው አወጡ። ከዚያው ወገን የሆነው ዋርፋሪን በ1948 ዓ.ም. በአይጥ ማጥፊያነት ለገበያ ቀረበ። በ1951 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ጦር ምልምል ራሱን ለማጥፋት ይህን የአይጥ መርዝ ደጋግሞ ወሰደ፤ ነገር ግን በሆስፒታል ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶት ዳነ። ሐኪሞች ከዚህ ማርከሻው በእጃቸው እንዳለ ስለተረዱ መድኃኒቱ በ1954 ዓ.ም. ለሰው ተፈቀደ፤ በማግሥቱም ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ወሰዱት። እንግዲህ አይጡን የገደለውና ፕሬዚዳንቱ የታከሙበት አንድ ነገር ነው፤ የሚለያቸው ልክና ቁጥጥር ነው።

ልኩም የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ጉበታችን ደምን የሚያረጉ ንጥረ ነገሮች ሲሠራ ቫይታሚን ኬን ይጠቀማል፤ ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያዳክማል። ምን ያህል እንዳዳከመ የሚነግረን አይ ኤን አር የሚባለው ቁጥር ሲሆን፥ የዓለም የጤና ድርጅት በ1983 ዓ.ም. በሁሉ አገር አንድ ዓይነት መለኪያ እንዲሆን ያጸደቀው ነው። መድኃኒቱን በማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 ገደማ ነው። ለብዙዎቹ ሕመምተኞች ከ2 እስከ 3፥ በግራ በኩል ባለው የልብ በር ስፍራ የብረት በር ለተገጠመላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን እንፈልጋለን። ከዚያ ሲያንስ ደም የመርጋት፥ ሲበልጥ የመፍሰስ አደጋ አለ። ሁለት ሰዎች በዕድሜና በክብደት እኩል ሆነው ሳለ አንዱ በቀን 2 ሚሊግራም ሲበቃው ሌላው 10 ያስፈልገው ይሆናል። ስለዚህ የጎረቤትን ክኒን መዋስ፥ ወይም በቀለሙ ብቻ መግዛት ታላቅ ስሕተት ነው፤ ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና በዕቃው ላይ የተጻፈው ሚሊግራም ይነበብ። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የማይገኝ በመሆኑ ብዙዎች ለአንድ ጠብታ ደም ሲሉ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ እንደሚጓዙ እናውቃለን። ከባድ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ሳይመረመሩ ለወራት መዋጥ ዓይንን ጨፍኖ ገደል አፋፍ ላይ እንደ መሄድ ነው።

ወደ ምግብ ስንመጣ፥ እኛ ራሳችን የሠራነውን ስሕተት ሳንናገር ብናልፍ ቅንነት አይሆንም። ባሕር ማዶ የተማርንበት መጽሐፍ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከአረንጓዴ ቅጠል እንዲጠነቀቅ ይመክር ነበር፤ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ይበዛበታልና። ይህን ይዘን በተመለስን በመጀመሪያው ዓመት፥ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፥ ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ ሴት «እማማ፥ ከእንግዲህ ጎመን የሚባል ነገር እንዳይቀምሱ» አልናቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። ቀጠሯቸውንም ከፋሲካ በኋላ አደረግነው። በአምስተኛው ሳምንት አፍንጫቸው ከሌሊት ጀምሮ እየደማ፥ ክንዳቸው በልዝ ተሸፍኖ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ቁጥሩ ከ6 በላይ ሆኖ ተገኘ። እኒህ እናት ጎመን ከጓሯቸው እየቀነጠሱ በጾምም በፍስክም ሲመገቡ የኖሩ ስለሆኑ፥ የክኒናቸው ልክ የተወሰነው ከዚያ ምግብ ጋር ነበር። ጎመኑ ሲቀር ያው ክኒን በረታባቸው። መድኃኒቱን አቁመን፥ ቫይታሚን ኬ ሰጥተን፥ አስተኝተን ጠበቅናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። «ልጄ፥ እኔ ያልኸኝን ነው ያደረግሁት» ያሉን ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

ስለዚህ ዛሬ የምንለው ሌላ ነው። ጎመን የለመደ ሰው ጎመኑን ይብላ፤ ነገር ግን ብዛቱ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ከፍስክ ወደ ጾም ሲገባ ቅጠል የሚያበዛ ሰው የመድኃኒቱ ኃይል ሊዳከምበት፥ ጾም ፈትቶ ወደ ሥጋና ቅቤ ሲመለስ ደግሞ ሊበረታበት ስለሚችል፥ ጾም ሳይገባ ለሐኪሙ ይንገር፤ ከገባም ከፈታም በኋላ በቅርብ ይመርመር። ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ በምሽት ስለሚወሰድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም አያስቸግርም፤ በረመዳንም ከማፍጠሪያ በኋላ ይወሰዳል። ጠበል ለመጠመቅ ሲባልም ክኒኑን ማቋረጥ አያስፈልግም። ጠጅና አረቄ ማብዛት ግን ቁጥሩን ያናውጣል፤ ጠጥቶ መውደቅም አለ።

ከምግብ ይልቅ የምንፈራው ሌላውን መድኃኒት ነው። ለአሜባ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል፥ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል አብዝተው ያበረታሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያደክመዋል። አስፕሪን፥ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን አድምተው አደጋውን ያብሳሉ፤ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። የአገር ባህል መድኃኒት የወሰደ ሰው አይሸሽግ፤ አንቆጣም። ዋግምት መታገም ግን ፈጽሞ ይቅር፤ ጥርስ ለማስነቀልም አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል።

አንድ ምሽት የተረሳ እንደሆነስ? በዚያው ሌሊት ከታወሰ ይወሰዳል፤ በማግሥቱ ከታወሰ የትናንቱ ይቅርና የዛሬው ብቻ በሰዓቱ ይወሰድ። ሁለቱን ባንድ ላይ መዋጥ ክልክል ነው። ወጣት ሴቶች ደግሞ ይህን በብርቱ ይወቁ፤ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዛቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ፈርተው በራሳቸው ፈቃድ ቢያቆሙት ግን የራሳቸው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ጡት ማጥባት አይከለከልም።

ምርመራ የማያስፈልጋቸው አዲስ ክኒኖች ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ መውጣታቸውን የሰሙ «ለምን እነዚያን አትሰጡንም?» ይሉናል። ለአንዳንድ ሕመም መልካም ናቸው። የብረት በር ለተገጠመላቸው ግን በ2012 ዓ.ም. ከመካከላቸው አንዱ ተሞክሮ ጉዳቱ ስለበዛ ሙከራው ተቋረጠ፤ በ2022 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም ሩማቲክ የልብ ሕመምና የምት መዛባት ላለባቸው የዋርፋሪን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ከአዲሱ ክኒን የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ለብዙዎቹ ሕመምተኞቻችን አሮጌው ይበልጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ። መምህር ሆይ፥ ልጁ ቢወድቅ ደሙ ፈስሶ አያልቅም። ጉልበቱ ቢላጥ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው፥ ቆመ አልቆመ እያሉ ሳይገልጡ፥ 15 ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይጫኑት፤ ከሌሎቹ ልጆች ዘግይቶ ይቆማል እንጂ ይቆማል። ካልቆመ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ራሱን የተመታ እንደሆነ ግን፥ ደም ባይታይም፥ ልጁም «ምንም አልሆንሁም» ቢል፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላኩት፤ ደሙ በውስጥ ሊፈስ ይችላልና። ሽንቱ ከቀላ፥ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፥ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ከያዘው፥ ወይም አንድ ጎኑ ዝሎ አነጋገሩ ከተዛባ እንደዚሁ። የመድኃኒቱን ስም፥ መጠኑንና የመጨረሻውን ቁጥር የያዘ ወረቀት በኪሱ ይኑር፤ ግልባጩም በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ። ለምርመራ ወይም በየ4 ሳምንቱ ለፔኒሲሊን መርፌ በሚቀርበት ቀን እንደ ቀሪ ባይቆጠርበት ታላቅ ውለታ ነው፤ ዋርፋሪን እንደሚወስድ ለመርፌ ወጊዋ እንዲነግርም ያሳስቡት። አርጩሜን በተመለከተ እናቱ ትክክል ናቸው፤ ለሌሎቹም ልጆች ቢሆን አይገባም ባዮች ነን።

ስለ ጨዋታ፥ ልቡ ምን ያህል ድካም እንደሚችል የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ እናቱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቁልን። ትግል፥ ዛፍ መውጣትና የገና ጨዋታ ይቅሩበት፤ ኳስ በራስ መምታትም እንደዚሁ። ሐኪሙ ከፈቀደለት ግን ከግድግዳው ይነሣ፤ ከጓደኞቹ ጋር ይሩጥ፥ ኳስም ይቀባበል። ግፊያ የበዛበት ግጥሚያ በሚሆንበት ቀን ፊሽካውን ለእርሱ ይስጡት።