ፍሙን ተሸክሞ የሚበር ሞተር

ማታ ማታ እሳት በሚዳፈንበት ቤት ያደገ ሰው የሞዴል አውሮፕላን ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ግማሹን ያውቃል። ረመጡ ውስጥ ያደረ ፍም አይነድም፣ አይጠፋምም፤ ጭራሮ ቀርቦለት እፍ ሲሉት ይያያዛል። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ራስ ላይ የሚታሰረው ካንዴላም እንደዚያው በፍም የሚሠራ ነው።

የመኪና ካንዴላ ብልጭታ ይረጫል። ግሎው ፕለግ የሚባለው ይህኛው ብልጭታ የለውም። ውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ የፕላቲኒየም ቅይጥ ሽቦ አለ። ሞተሩ ሊነሳ ሲል 1.2 ወይም 1.5 ቮልት ይሰጠውና እስኪቀላ ይግላል። ነዳጁ በአብዛኛው ሜታኖል ነው፤ ለማለስለሻ የጉሎ ወይም ሰው ሠራሽ ዘይት ይቀላቀልበታል፣ ጉልበት ሲፈለግ ናይትሮሜቴንም ይጨመራል። የሜታኖል ትነት የጋለ ፕላቲኒየም ሲነካ እዚያው ላይ ሙቀት እየሰጠ ይቃጠላል፤ ፕላቲኒየሙ ግን አብሮ አይቃጠልም። ይህ ሙቀትና የሲሊንደሩ ፍንዳታ ተደጋግፈው ፍሙን ያቆዩታል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪው የሚነቀለው ለዚህ ነው።

ካንዴላውን እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው ሬይ አርደን ነው። ከዚያ በፊት በብልጭታ የሚሠራ ሞተር ያለው ሞዴል አውሮፕላን ባትሪ፣ ኮይልና ኮንደንሰር ተሸክሞ መብረር ነበረበት። አርደን ያን ሁሉ ሸክም አወረደለት። ታዲያ አንዳንድ ሠሪዎች ዛሬ ባትሪውን መልሰው አውሮፕላኑ ላይ የሚጭኑት ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ የሚዞር ሞተር፣ ሚኒሞ ላይ ወደ 2,000 ገደማ ይወርዳል። የሚቃጠለው ጥቂት፣ በፍንዳታዎቹ መሃል ያለው ጊዜም ረጅም ስለሆነ ሽቦው ይቀዘቅዛል። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ፍንዳታው በየሁለት ዙሩ አንዴ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ወደ ታች ተገልብጦ የተገጠመ ከሆነ ያልተቃጠለ ዘይት ካንዴላው ላይ ይጠራቀማል። ከሁሉ የከፋው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። ለማረፍ ዝቅ ሲል አንዱ ሞተር ይጠፋል፤ አብራሪው ነዳጅ ሲሰጥ ሕያው የሆነው ሞተር አፍንጫውን ወደሞተው ጎን ያዞረዋል። የወራት ልፋት በሰከንዶች መሬት ላይ ሊከሰከስ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን ፍሙን የሚጠብቅ ባትሪ ቅንጦት አይደለም።

የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ነዳጁ ሲቀነስ ካንዴላው ኤሌክትሪክ ያግኝ፣ ሲጨመር ይቋረጥበት። በድሮው ዘዴ የካርቡራቶሩን በር የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ይጫናል፤ ያ ብቻውን ይበቃል። በአዲሱ ዘዴ የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ሪሲቨር የሚመጣውን ትእዛዝ አንድ ትንሽ ቺፕ ያነባል። ትእዛዙ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል የሚመላለስ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ምት ነው። ቺፑ የምቱን ርዝመት ለክቶ ነዳጁ ከሩብ በታች መሆኑን ሲረዳ ያበራል።

ጣጣው ያለው ቮልቴጁ ማነሱ ላይ ነው። ካንዴላው 3 አምፔር ያህል ይስባል። በመንገዱ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር 0.3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ1.2 ቮልት ላይ ይህ ሩቡ ማለት ነው። ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ማያያዣ፣ ስታኞው በደንብ ያልያዘ ብየዳ፣ እያንዳንዱ ከፍሙ ይቀማል። ተራ ሲሊከን ዳዮድ ቢገባማ 0.7 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ማብሪያው ሞስፌት የሚባል ትራንዚስተር ይሆናል፤ 0.01 ኦም የሆነው ሞስፌት የሚያስቀረው 0.03 ቮልት ብቻ ነው። ሞስፌቱን ግን 1.2 ቮልት አይከፍተውም። መክፈቻው ከሪሲቨሩ 5 ቮልት ገደማ ማግኘት አለበት፣ ሞስፌቱም በዚያ መጠን ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት። ብዙ ጀማሪ ሥራውን ጨርሶ ካንዴላው የማይቀላበት እዚህ ላይ ነው።

የካንዴላው ባትሪ ከሪሲቨሩ ባትሪ ይለይ። ፍሙ ቢጠፋ የሚጠፋው ሞተር ነው፤ ሪሲቨሩ ኃይል ቢያጣ ግን አውሮፕላኑ ራሱ ከእጅ ይወጣል። ባለ 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አንድ ኒኬል ባትሪ ለ3 አምፔር 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሚኒሞ የሚያዘው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ለብዙ በረራ ይሆናል።

ባትሪው አውሮፕላኑ ላይ ሲሆን እጅም ይተርፋል፤ የካንዴላውን ማያያዣ ለመንቀል ከሚሽከረከር ፕሮፔለር አጠገብ እጅ መስደድ ይቀራል። ነገር ግን ሌላ አደጋ አለ። ሪሞቱ ላይ ነዳጁ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ካንዴላው ግሏል ማለት ነው፤ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ከፕሮፔለሩ በስተኋላ የሚደረስበት ዋና ማጥፊያና ከሩቅ የሚታይ መብራት ይኑር። ከሪሞቱ ጋር ግንኙነት ሲቋረጥም ካንዴላው በራሱ እንዲጠፋ ይደረግ። ሽቦዎቹ ከነዳጅ ጋኑ ይራቁ፤ የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል።

ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ይጀመራል። ካንዴላው ከሞተሩ ወጥቶ ሲበራ ደማቅ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ደብዛዛ ቀይ ከሆነ መንገድ ላይ የሚቀማው አለ፤ ወደ ነጭ ከሄደ ቮልቴጁ በዝቷል፣ ሽቦው ይበጠሳል። ከዚያ ሞተሩ መሬት ላይ ተነስቶ ነዳጁ ቀስ እያለ ይጨመር። መብራቱ ሲጠፋ የሞተሩ ድምፅ መውረድ የለበትም። ከወረደ ወይ ካንዴላው አርጅቷል፣ ወይ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ ባትሪው ያንን ሕመም ሸፍኖት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ባትሪው ይነቀልና ሞተሩ ያለ እርዳታ ሚኒሞ እስኪይዝ ድረስ ካርቡራቶሩ ይስተካከል።