መድኃኒቱ እምቢ ሲል አልጋው አይለቀቅም

ጉንፋን ሲይዘን ብዙዎቻችን የምናደርገው ይታወቃል። ሰፈር ካለው ፋርማሲ ጎራ ብለን «አሞክሳሲሊን አለ?» እንላለን። ሲሻለን የተረፈውን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጣለን። ጉንፋን ግን ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሚነካው ሰውነታችን ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው። ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ።

የዚህ ሒሳብ የሚወራረደው በመንግሥት ሆስፒታሎች፣ በተለይ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከገባ ጊዜ አይሰጥም። የደም ካልቸር ውጤት ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ካልቸር ጭራሽ የማይሠራባቸው ሆስፒታሎችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ በግምት ይጀምራል። ለጨቅላ ሕፃን የተለመደው ጅማሮ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው፤ ርካሽ ናቸው፣ በየቦታው ይገኛሉ። ችግሩ ባክቴሪያዎቹ ለምደዋቸዋል። አዲስ አበባ ያለው ጳውሎስ ሆስፒታል በተሳተፈበት የሰባት አገሮች ጥናት፣ በአራስ ሕፃናት ደም ውስጥ በብዛት የተገኘው ክሌብሲዬላ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እሱ ደግሞ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል።

የማውቃት አንዲት እናት አራስ ልጇን ይዛ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ገብታ ነበር። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም፣ ሁለተኛውም እንደዚያው። በመጨረሻ «ሜሮፔኔም፣ ከውጭ ግዙ» የሚል ወረቀት ተሰጣቸው። አባትየው ብር ተበድሮ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ዋለ። ልጁ ተረፈ፤ ግን የጥቂት ቀናት ቆይታ ሦስት ሳምንት ሆነ።

እስቲ አስቡት፤ ያ አልጋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሌላ ሕፃን አልተለቀቀም። ነርሷም፣ ኦክስጅኑም፣ ጓንቱም እንደዚያው። ሜሮፔኔም ራሱ በበዛ ቁጥር እሱንም የሚቋቋም ባክቴሪያ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አማራጭ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

«ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትውሰዱ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ለብቻው ግን አይበቃም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሆስፒታል ውስጥም ከአልጋ አልጋ በእጅና በዕቃ ይዘዋወራሉ። ውኃ በሚቋረጥበት፣ ሳሙና በሌለበት፣ ሁለት ሕፃን አንድ አልጋ በሚጋራበት ክፍል ጥፋቱን ሁሉ ሕዝቡ ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። በእኔ እምነት የጤና በጀቱ ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለውኃ፣ ለሳሙናና ለካልቸር ላብራቶሪ ነው። የቱ መድኃኒት እንደሚሠራ በጊዜ ከታወቀ ውዱ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ብቻ ይሰጣል፣ አልጋውም ቶሎ ይለቀቃል።

የእኛ ድርሻም ቀላል ነው። አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላችሁ «በርግጥ ባክቴሪያ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተረፈውን ለጓደኛ አታካፍሉ። አራስ ልትጠይቁ ሆስፒታል ስትሄዱ ደግሞ ሕፃኑን ከመንካታችሁ በፊት፣ ስልካችሁን አስቀምጡና እጃችሁን ታጠቡ።