ሽማግሌ ሳይመጣ በፊት ገነተ ልዑል ሄድን

ዛሬ የራሴን ጉድ ላውጋችሁ። መርካቶ ቆርቆሮ ተራ ሱቅ አለኝ። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ አንድ ሴት ልጅ አለችን። እኔና ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ተኳርፈን፣ ለሰኞ ሽማግሌ ሊቀመጥብን ተቀጥሮ ነበር። ክሷ አጭር ነው፤ «ያገባሁት ሱቅ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ትላለች። እውነቷን ነው። ሱቁ በሚዘጋበት እሁድ እንኳ የዱቤ መዝገብ ሳገላብጥ ነው የሚመሽብኝ።

የዚያን እሁድ ልጃችን «ሙዚየም አይታችሁ ጻፉ ተብለናል፤ እማዬም ካልመጣች አልሄድም» ብላ ድርቅ አለች። ምን ይደረግ! ሦስታችንም በታክሲ ፒያሳ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ ወረድን። መንገዱን ሙሉ የተናገረችው ልጅቷ ብቻ ናት።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ገነተ ልዑል የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ሙዚየሙ የእሱ ነው።

ዛፉና አበባው ደስ ይላል። ከሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ሥልጣን ለያዙበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። መርካቶንም ለአገሬው ገበያ ብለው ከአራዳ ወዲያ ያዛወሩት እነሱው ናቸው። «ታዲያ ለምን አላፈረሱትም?» አለች ልጄ። እናቷ ቀደመችኝ፤ «አንበሳውን ሲያስቀምጡበት የእኛ ሆነ» አለቻት። ድምፅዋን ስሰማ፣ ለእኔ ባይሆንም፣ ደስ አለኝ።

ውስጡ የተደረደረው በብሔር በብሔረሰብ አይደለም፤ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ እስኪሞት ባለው ቅደም ተከተል ነው። ስለ ልደትና ስለ ልጅነት ከሚያሳየው ዘንድ ባለቤቴ ቆማ ቀረች። «እሷ ስትወለድ አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ፤ በሦስት ሳምንት የመጀመሪያ ቃሏ። ሱቅ ዕቃ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ሁለታችንም እናውቀዋለን። «ቆጠራ ላይ» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለማን ብዬ ነው የምለፋው ብዬ እጮህ ነበር፤ እዚያ ግን ሰው አለ፣ ጸጥታው ይከብዳል፣ አፌ ተሳሰረ። ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ካልሆነላችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። መጮህ አይቻልም።

ፎቅ ላይ የንጉሡን መኝታ ቤት አየን። መስተዋቱ ላይ የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ እስካሁን አለ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉ፤ ልጅቷ ከክራሩ አልላቀቅ አለች። እኛ ሁለታችን መስኮቱ ጋ ቆመን ግቢውን አየን።

«የዚያን ቀን ልጅቷን ማን ታቀፋት?» አልኳት። በአሥር ዓመት ጠይቄያት አላውቅም። «ጎረቤታችን» አለችኝና ብዙ ነገረችኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ መጡ። ታርቀናል አልልም። ግን እሁድ እሁድ የዱቤ መዝገቡን እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ቁልፉ የት እንዳለም አልጠይቅም።