የጣቢያ ጽናት በምን ይመዘናል?

የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙት ወረታ ላይ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ መጋጠሚያው ከታወከ ጉዳቱ በየአቅጣጫው ላለው መንገደኛ ሁሉ ይተርፋል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጣቢያዎችም በዚሁ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር 39 ጣቢያዎች ሲኖሩት፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት 5ቱ ለሁለቱም መሥመሮች የጋራ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ቢታወክ ሁለቱም መሥመሮች ይጎዳሉ። ባቡሩም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነውና ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል።

ስለዚህ የጣቢያ ጽናት የሚለካው በሕንፃው ውበት አይደለም። እክል ሲደርስ ምን ያህል መንገደኛ ያስተናግዳል? በስንት ሰዓት ወደ ሥራው ይመለሳል? እስከዚያስ አውቶቡስ በአጠገቡ ይገኛል? ምርመራው ከጋራዎቹ ጣቢያዎች ይጀመር፤ ባለጉዳይ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሠራተኛ በሰዓቱ መድረሱ በዚህ ላይ ነውና።