ፕላን 2 ወይስ ፕላን 3? ስለ ትምህርት ቤት ሠራተኞች ጡረታ የሚነገረውና እውነታው

በዋሽንግተን ስቴት፣ በሲያትል፣ በኬንትና በሬንተን ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህር፣ ረዳት መምህር፣ የምግብ ቤት ወይም የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ የሚቀጠር ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ወረቀት ይፈርማል። ከወረቀቶቹ ሁሉ መዘዙ ሠላሳና አርባ ዓመት የሚዘልቀው የጡረታ ምርጫ ቅጹ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፕላን 2 ወይስ ፕላን 3? አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብለትም። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ የቀረውን ሕጉ ይወስነዋል። ምርጫው እንግዳ ሲሆን ደግሞ ውሳኔው በሰሚ ሰሚ ላይ ይወድቃል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ የትኛው ፕላን እንደሚሻል የሚወስኑት የአክሲዮን ገበያው ዕድልም የጓደኛ ምክርም አይደሉም። ሠራተኛው ሥራውን በስንት ዓመቱ እንደጀመረና ስንት ዓመት እንደሚቆይበት ነው። በየቦታው የሚነገሩትን አባባሎች አንድ በአንድ ስንመረምር ሁሉም ወደዚሁ ይመልሱናል።

የሚባለው፦ «ካልመረጥኩ ምንም አይቀርብኝም፤ በኋላ እቀይረዋለሁ።»

እውነታው፦ አዲስ ሠራተኛ ለመምረጥ ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልመረጠ ሕጉ ፕላን 2 ውስጥ ያስገባዋል፣ ይህም ቋሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 በፊት ዝም ያለ ሰው የሚገባው ፕላን 3 ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀጠረ የሥራ ባልደረባ «እኔ ምንም ሳልፈርም እንዲህ ሆንኩ» ብሎ የሚነግረው ታሪክ ለዛሬ አዲስ ሠራተኛ አይሠራም። የሌላ ስቴት ዘመድ ምክርም እንዲሁ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ሠራተኛው የሚመርጥበት ጊዜ ስምንት ወር ገደማ ነው፤ ዝም ካለ አብዛኛው ሠራተኛ የሚመደበው የኢንቨስትመንት ፕላን ውስጥ ነው። ሚሺጋን ደግሞ 75 ቀን ሰጥቶ ያልመረጠውን ገበያ ላይ ወደሚውል የቁጠባ ፕላን ያስገባዋል። ዝምታ በሦስቱም ስቴቶች ምርጫ ሆኖ ይቆጠራል። ልዩነቱ መራጩ ሰውየው ሳይሆን ሕጉ መሆኑ ነው።

የሚባለው፦ «የሚከፈለኝ ያዋጣሁት ነው፤ ጡረታ እንደ እቁብ ነው።»

እውነታው፦ እቁብ ላይ ሰው የሚወስደው ያዋጣውን ያህል ነው፣ ፕላን 2 ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። የፕላን 2 ጡረታ የሚሰላው በተጠራቀመው ገንዘብ ሳይሆን በቀመር ነው፦ 2 በመቶ፣ ሲባዛ በአገልግሎት ዓመት፣ ሲባዛ ከፍተኛ ደመወዝ በተከፈለባቸው ተከታታይ 60 ወራት አማካይ። አማካይ ደመወዙ በወር 4,000 ዶላር የሆነና 20 ዓመት ያገለገለ ሰው ከ65 ዓመቱ ጀምሮ በወር 1,600 ዶላር ያገኛል። ክፍያው ዕድሜ ልክ ነው፤ የኑሮ ውድነትን እየተከተለም በዓመት እስከ 3 በመቶ ይጨምራል። ይህን መብት ለማግኘት አምስት የአገልግሎት ዓመት ያስፈልጋል። ሥራ ሲለቅ «ገንዘቤን ልውሰድ» የሚል ሰው የሚሰጠው የራሱ መዋጮና ወለዱ ብቻ ነው፤ አሠሪው የከፈለው አይሰጠውም፣ የዕድሜ ልክ ጡረታውም ይሰረዛል። አምስት ዓመት ሞልቶ ሳለ ለመኪና ቅድመ ክፍያ ብሎ መዋጮውን የሚያወጣ ሰው ከፍ ያለ መብት በትንሽ ጥሬ ገንዘብ እየለወጠ ነው።

የሚባለው፦ «ፕላን 3 ገንዘብን ሙሉ በሙሉ ለአክሲዮን ገበያ መስጠት ነው።»

እውነታው፦ ፕላን 3 ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አሠሪው ብቻ የሚከፍልበት የዕድሜ ልክ ጡረታ ሲሆን፣ ቀመሩ ከፕላን 2 ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ 2 በመቶ የነበረው ግን 1 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛው ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ የሚገባበት የግል የኢንቨስትመንት አካውንት ነው። ሠራተኛው የመዋጮውን መጠን ከስድስት አማራጮች ይመርጣል፤ ዝቅተኛው 5 በመቶ፣ ከፍተኛው 15 በመቶ ነው፣ ሁለቱ አማራጮች ደግሞ ከዕድሜ ጋር ከፍ ይላሉ። ይህንንም መጠን አሠሪ ካልቀየረ በስተቀር መለወጥ አይችልም።

ቁጥሩን እናስላው። ያው በ4,000 ዶላር 20 ዓመት ያገለገለ ሰው ፕላን 3 ውስጥ ቢሆን በወር 800 ዶላር ጡረታ ይኖረዋል። የጎደለውን 800 አካውንቱ መሙላት አለበት። 5 በመቶ፣ ማለትም በወር 200 ዶላር እያዋጣ ገንዘቡ በዓመት 5 በመቶ አድጓል ብንል፣ በ20 ዓመት 82 ሺህ ዶላር ገደማ ያጠራቅማል። ከዚያ በወር 800 እያወጣ፣ ቀሪው በዚያው መጠን እያደገ፣ ገንዘቡ 11 ዓመት ገደማ ይቆያል። በ65 ዓመቱ ከጀመረ 76 ሲሞላው አለቀ ማለት ነው። 7 በመቶ ቢያዋጣ 18 ዓመት ገደማ ይደርሳል፣ ያም የኑሮ ውድነትን ሳይከተል ነው። ስለዚህ ፕላን 3 ቁማር አይደለም፤ ዝቅተኛውን መዋጮ መርጦ ለረጅም ጊዜ ለሚያገለግል ሰው ግን አነስ ያለ ጡረታ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከገበያው መውደቅ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ሲያልቅ ሰውየው በሕይወት ሊኖር ይችላል።

የሚባለው፦ «እንግዲያውስ ፕላን 2 ለሁሉም ይሻላል።»

እውነታው፦ ይህ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቆይታ እውነት የሆነውን ለአጭሩም እውነት ማድረግ ነው። በ30 ዓመቱ ተቀጥሮ ሰባት ዓመት ሠርቶ ወደ ሌላ ሙያ የሚሄድ ሰው እንውሰድ። ፕላን 2 ውስጥ ከሆነ መብቱ 4,000 ሲባዛ በ14 በመቶ፣ ማለትም በወር 560 ዶላር ነው፤ የሚከፈለው ግን በ65 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ባሉት 28 ዓመታት ቁጥሩ እንዳለ ይቆማል። የኑሮ ውድነት በዓመት 3 በመቶ ቢሆን የዚያን ጊዜ 560 ዶላር የዛሬውን 245 ዶላር ገደማ ብቻ ይገዛል። ያው ሰው ፕላን 3 ውስጥ 7 በመቶ ሲያዋጣ ቆይቶ ቢሆን አካውንቱ የራሱ ነው፤ ሥራ ቢለቅም ገንዘቡ ማደጉን ይቀጥላል። በዓመት 5 በመቶ ብንወስድ በ65 ዓመቱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል፤ ይህም በወር 560 ዶላር ከ30 ዓመት በላይ ሊከፍል ይችላል። በእርግጥ የፕላን 3 የጡረታ ክፍል መብት በእንዲህ ያለ ዕድሜ የሚጸናው በ10 ዓመት አገልግሎት ስለሆነ ይህ ሰው ያን ክፍል ያጣዋል። ቢሆንም አካውንቱ ብቻውን የፕላን 2ን መብት ይበልጣል።

«ማን ነው ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቀው?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እርግጠኛ መልስም የለውም። ሆኖም ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ። ነርሲንግ እየተማረ ለጊዜው ረዳት መምህር የሆነ ወጣትና ልጆቿ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ተቀጥራ በዚያው ጡረታ ለመውጣት የምታስብ እናት አንድ ዓይነት ግምት የላቸውም። ግምቱ ሙሉ በሙሉ በጨለማ ላለ ሰው ፕላን 2 ተመራጭ ይመስለኛል፤ የገበያውንም የረጅም ዕድሜንም ስጋት ሥርዓቱ ይሸከምለታልና። በጎን ተጨማሪ መቆጠብ ለሚፈልግም በር አልተዘጋም፤ ዲስትሪክቶች ከታክስ በፊት የሚቆጠብባቸው የ403 ቢ አካውንቶችን ያቀርባሉ።

የሚባለው፦ «ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ጡረታ ለእኔ አይጠቅምም።»

እውነታው፦ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ አሜሪካ በጉልምስና ለገባ ሰው እውነታው ተቃራኒ ነውና። በፕላን 2 የመዋጮው መቶኛ ለ25 ዓመቱም ለ50 ዓመቱም ሠራተኛ እኩል ነው። የ25 ዓመቱ ወጣት መዋጮ ግን ለአርባ ዓመት ሊያድግ ሲችል፣ የ50 ዓመቱ መዋጮ ለማደግ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሁለቱም በአገልግሎት ዓመት የሚያገኙት ያንኑ 2 በመቶ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የጀመረው በከፈለው ልክ የሚያገኘው ይበዛል። በ50 ዓመቱ የጀመረ ሰው 15 ዓመት አገልግሎ በ4,000 ዶላር አማካይ በወር 1,200 ዶላር ይዞ ይወጣል። ያን ያህል ገንዘብ በኢንቨስትመንት ለማምጣት ጊዜ አይበቃውም። አንድ ሰው በ52 ዓመቱ ሲቀጠር «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ቅጹን ካስቀመጠ፣ በጣም የሚጠቅመውን ንብረት ሳይመለከተው ቀርቷል ማለት ነው።

የሚባለው፦ «ግማሽ ቀን ስለምሠራ አይመለከተኝም፤ ሶሻል ሴኩሪቲም ይቀርብኛል።»

እውነታው፦ ለዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ የሠራና በትምህርት ዓመቱ 810 ሰዓት ያሟላ ሠራተኛ ሙሉ የ12 ወር አገልግሎት ይያዝለታል። ከ630 እስከ 809 ሰዓት የሠራ ደግሞ የስድስት ወር ይቆጠርለታል። 805 ሰዓት ሠርቶ አምስት ሰዓት የጎደለው ሰው ግማሽ ዓመት ያጣል፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት ሰዓቱን ደምሮ ማየት ተገቢ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲን በተመለከተ፣ በዋሽንግተን የትምህርት ቤት ሠራተኞች 6.2 በመቶውን ስለሚከፍሉ ጡረታው በላዩ የሚጨመር ነው። በካሊፎርኒያና በኢሊኖይ ያሉ መምህራን ግን በትምህርት ቤት ሥራቸው ሶሻል ሴኩሪቲ አይከፍሉም፤ የእነሱ ስሌት ሌላ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «መንግሥት ቢከስርስ?» የሚለው ነው። በአሜሪካ ሕግ ስቴቶች የኪሳራ አቤቱታ ማቅረብ አይችሉም፤ የጡረታው ገንዘብም በአደራ ፈንድ ተይዞ በስቴቱ የኢንቨስትመንት ቦርድ ይተዳደራል። በፕላን 2 የሚለዋወጠው የሠራተኛው የመዋጮ መቶኛ ነው፤ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፣ ያን መቀበል የፕላኑ ዋጋ ነው።

እንግዲህ አዲስ የተቀጠራችሁ ሁሉ 90ኛው ቀን የሚውልበትን ቀን ዛሬ ጻፉት። በስንት ዓመታችሁ እንደጀመራችሁና ስንት ዓመት ለመቆየት እንደምታስቡ ለራሳችሁ በሐቀኝነት መልሱ። ከአሥር ዓመት በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ ወይም ከአርባ አምስት በላይ ከሆናችሁ፣ ፕላን 2ን ለመተው ጠንካራ ምክንያት ያስፈልጋችኋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደምትለቁ የምታውቁ ወጣቶች ግን ፕላን 3ን ከ5 በመቶ ከፍ ባለ መዋጮ በቁም ነገር አስቡበት። የትኛውንም ብትመርጡ ቅጹን ራሳችሁ ፈርሙ፤ ለሕጉ አትተዉት።