ዊትዘልዙኽት

ዊትዘልዙኽት ሰውን ያለማቋረጥ የሚያስቀልድ፣ እምብዛም የማያጋጥም የነርቭ ሕመም ነው። ቃሉ የጀርመንኛ ሲሆን «የመቀለድ ሱስ» እንደ ማለት ነው። ስያሜውን የሰጠው ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ኸርማን ኦፐንሃይም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1890 ነበር። ከእርሱ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ሞሪትዝ ያስትሮቪትዝ የአንጎል ዕጢ በነበረባቸው ሕሙማን ላይ ያየውን ተመሳሳይ ባሕርይ «ሞሪያ» ብሎት ነበር።

ምልክቶች

ሕመምተኛው ጊዜና ቦታ ሳይመርጥ ይቀልዳል። ቀልዶቹ ባብዛኛው የቃላት ጨዋታ፣ ፍሬ የሌላቸው ወሬዎች ወይም በሰው ፊት የማይነገሩ ነውሮች ናቸው። ሰሚው ቢቆጣም ቢሰለችም አያቆምም። የሚገርመው ግን ሌሎች የሚናገሩት ቀልድ እርሱን እምብዛም አያስቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኤሊያስ ግራናዲዮ እና ማሪዮ ሜንዴዝ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች የ2 ሕሙማንን ታሪክ አሳትመዋል። አንደኛው የ69 ዓመት ሰው ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ፣ በኋላም ስትሮክ ከመታው ወዲህ ሌሊት ሚስቱን እየቀሰቀሰ ቀልድ ይነግራት ነበር። እንቅልፍ ያጣችው ሚስቱ በጽሑፍ እንዲያሰፍራቸው ብትለምነው 50 ገጽ ያህል ሞላ። ሁለተኛው የ57 ዓመት ሰው ሲሆን በሥራ ቦታው አግባብ የሌለው ቀልድ በመናገሩ ከሥራው ተባርሯል።

መንስኤ

ሕመሙ የሚመጣው የአንጎል የፊት ክፍል፣ በተለይም የቀኙ ወገን፣ ሲጎዳ ነው። ጉዳቱን ስትሮክ፣ ዕጢ፣ የጭንቅላት አደጋ ወይም አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ ሊያደርሰው ይችላል። ይህ የአንጎል ክፍል ለንግግርና ለድርጊት እንደ ልጓም ነው፤ ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ እንዳይናገር ይገታዋል። ልጓሙ ሲላላ ቀልዱ ሳይመዘን ይወጣል።

የቀልድን ፍቺ ለመረዳትም ይኸው ክፍል ያስፈልጋል። ሻሚ እና ስተስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንጎላቸው የቀኝ ፊት ክፍል የተጎዳ ሰዎች ለቀልድ ተገቢውን መደምደሚያ መምረጥ ይቸግራቸው ነበር። ያልተጠበቀ ቢሆንም ከታሪኩ ጋር የማይገጥም መጨረሻ ይመርጡ ነበር።

ሕክምና

ለዚህ ሕመም ብቻ የተዘጋጀ መድኃኒት የለም። ሐኪሞች መጀመሪያ መንስኤውን ያክማሉ፤ ባሕርዩን ለማርገብም አንዳንድ ጊዜ ለድባቴ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ያዝዛሉ።

ሕመምተኛው ራሱን እንደ በሽተኛ ስለማያይ ለውጡን ቀድሞ የሚያስተውለው ቤተሰብ ነው። ቁም ነገረኛ የነበረ ሰው በድንገት ቀልደኛ ሲሆን ጨዋታ ወይም ብልግና ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የስትሮክ ወይም የዕጢ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።