«ሩስኮዬ ስሎቮ»፦ በአንባቢ ገንዘብ የቆመ ጋዜጣ

በዛሮቹ (በሩሲያ ነገሥታት) ዘመን የነበረ የሩሲያ ጋዜጣ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሳንሱር ነው። ሳንሱሩ በእርግጥ ከባድ ነበር። በ1865 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ በሞስኮና በሴንት ፒተርስበርግ የሚታተሙ ጋዜጦች ከቅድመ ምርመራ ነፃ የሚሆኑበትን በር ቢከፍትም፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ጋዜጣ ይታገድ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩም ጋዜጣ መንገድ ላይ እንዳይቸረቸር መከልከል ይችል ነበር። ይህ ቅጣት ያነጣጠረው ኪስ ላይ ነው፤ ሹማምንቱ የጋዜጣ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው። በሞስኮ ይታተም የነበረው «ሩስኮዬ ስሎቮ» ያገኘውን ያህል ነፃነት የሰጠው ሕግም ፓርቲም ሳይሆን የአንባቢው ብዛት ነው ብዬ የምከራከረውም ከዚሁ ተነሥቼ ነው።

ጋዜጣው በ1895 ሲጀመር ለዙፋኑ ያደረ ወግ አጥባቂ ነበር፤ አንባቢም አልነበረውም። በ1897 የገዛው ኢቫን ሲቲን ከኮስትሮማ ገጠር የመጣ፣ ከመንደር ትምህርት ቤት ያለፈ ትምህርት ያልነበረው አሳታሚ ነው። በ1877 ሩሲያና ቱርክ ሲዋጉ የጦር ሜዳ ካርታ አትሞ «ለጋዜጣ አንባቢዎች» ብሎ ሸጧል፤ የገጠሩን ሰው ጥማት ያወቀው ሥዕልና መጽሐፍ ተሸክመው በሚዞሩ ነጋዴዎች በኩል ነው። ደራሲው ቼኾቭም ዕለታዊ ጋዜጣ እንዲያወጣ ገፋፍቶታል። ሲቲን በ1902 ዋናውን የአዘጋጅነት ሥራ ለጋዜጠኛው ቭላስ ዶሮሼቪች ሰጠው። ዶሮሼቪች ይጽፍበት የነበረው «ሮሲያ» ጋዜጣ በዚያው ዓመት የንጉሣዊውን ቤተሰብ በሚያሽሟጥጥ ጽሑፍ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። አዲሱ አዘጋጅ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን፣ በየከተማው የተሰማሩ ዘጋቢዎችንና ፈጣን ቴሌግራምን ይዞ መጣ። በ1910 ደራሲው ቶልስቶይ ከቤቱ ወጥቶ አስታፖቮ በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ታሞ ሲወድቅ፣ ወሬውን ቀድሞ ያደረሰው የ«ሩስኮዬ ስሎቮ» ዘጋቢ ነበር። በ1917 ኅትመቱ ከ1 ሚሊዮን አለፈ።

ከአሳታሚው ሱቮሪን ጋዜጣ ከ«ኖቮዬ ቭሬምያ» ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። ያም ብዙ አንባቢ ነበረው፤ ነገር ግን ከመንግሥት ጋር መቆምን መረጠ፤ በፈረንሳይ በሐሰት በተከሰሰው አይሁዳዊ መኮንን በድሬፉስ ጉዳይ የያዘው አቋም የሱቮሪንን የረጅም ጊዜ ወዳጅ ቼኾቭን እንኳ አስቀይሞታል። ስለዚህ አንባቢ ብቻውን ነፃ አያወጣም የሚል ተከራካሪ ልክ ነው፤ ባለቤቱና አዘጋጁ ነፃነቱን ሊጠቀሙበት መፈለግ አለባቸው።

የሚበረታው ተቃውሞ ግን ከማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሚነሣው ነው። በመስከረም 1905 የሲቲን ፊደል ለቃሚዎች ሥራ አቆሙ። ደመወዛቸው የሚታሰበው በለቀሙት ፊደል ቁጥር ሲሆን ነጠላ ሰረዝና ነጥብ አይቆጠሩላቸውም ነበር። እያንዳንዷን ሰረዝ ከሣጥኗ የሚያነሣው፣ በመስመሩ የሚደረድረው ያው ጣት ነው፤ ክፍያ ግን የለውም። የሥራ ሰዓት እንዲያጥር፣ ሥርዓተ ነጥቡም እንዲከፈልበት ጠየቁ። አድማው ወደ ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ተዛመተ፤ በጥቅምት አገር አቀፍ ሆነና ዛር ኒኮላይ ሁለተኛ የመናገርን ነፃነት ቃል የገባበትን አዋጅ እንዲያወጣ አስገደደው። ለጋዜጦች የተሻለ ሕግ ያመጡት እንግዲህ በጋዜጣ ባለቤት ላይ የተነሡ ሠራተኞች ናቸው። ይህ ክርክሬን ይገድበዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ የአንባቢ ገንዘብ ጋዜጣውን ከሚኒስትር ደጅ ጥናት አዳነው፣ ሠራተኛውን ግን ከባለቤቱ አላዳነውም።

ያ ሁሉ አንባቢ እያለ ለምን ተዘጋ የሚል ጥያቄም አለ። ቦልሼቪኮች በ1917 ሥልጣን እንደያዙ ሌኒን ጊዜያዊ ነው በተባለ ድንጋጌ ተቃዋሚ ጋዜጦችን የመዝጋት ሥልጣን ለመንግሥቱ ሰጠ፤ «ሩስኮዬ ስሎቮ»ም በዚያው ዓመት ታገደ። አንባቢው አልሸሸውም፤ የጎደለው በጠመንጃ የመጣን ትእዛዝ የሚያስቆም ሕግና ፍርድ ቤት ነበር። ጋዜጣው ስሙን ቀይሮ ጥቂት ወራት ከታተመ በኋላ በ1918 ጨርሶ ቆመ፤ በትቬርስካያ ጎዳና የነበረው ማተሚያ ቤቱም የአዲሱን መንግሥት ጋዜጦች ማተሚያ ሆነ።